ኅብረ ቀለም ያለው ልብስ መልበስ ትዕቢት ነውን?

ሰው ራቁቱን ተወልዶ ለብሶ የሚኖር ፍጥረት ነው። እንስሳት ጠጕራቸውን፣ አዕዋፍም ላባቸውን ከፈጣሪ ተቀብለው ሳይጨምሩበትና ሳይቀንሱበት ይኖራሉ፤ ሰው ብቻ ጧት በተነሣ ቍጥር ዛሬ ምን ልልበስ ብሎ ያስባል። ይህ አሳብ ትንሽ ይመስላል እንጂ ትንሽ አይደለም። ልብስ አፍ ሳይኖረው የሚናገር ነገር ነውና። ብርድን መከላከልና ኀፍረትን መሸፈን የመጀመሪያ አገልግሎቱ ሲሆን፣ ከዚያ ቀጥሎ የለባሹን ሐዘንና ደስታ፣ ሀብትና ድኽነት፣ አንዳንድ ጊዜም በልቡ የተሰወረውን ምኞት ለተመልካች ይገልጣል። ስለዚህ የልብስን ነገር መመርመር የሰፊዎችና የነጋዴዎች ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሥነ ምግባርም ጉዳይ ነው።

ዛሬ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ይህ ነው። ወንዶች የሚለብሱት ኮት፣ ሰደርያና ሱሪ ያለው ሙሉ ልብስ ከሁለት መቶ ዓመት ወዲህ በአብዛኛው ጥቁር፣ ግራጫ ወይም ጠቆር ያለ ሰማያዊ ሆኖ ኖሯል። ከዚህ ልማድ ወጥተው ግን ቀይና አረንጓዴ፣ ሐምራዊና ቢጫ፣ ሰፋፊ መስመርና አራት ማዕዘን ጥለት ያለበትን ጨርቅ መርጠው፣ በጥሩ ሰፊ እጅ በሥርዓት አሰፍተው የሚለብሱ ወንዶች አሉ። ይህን ያየ አንዱ ‹‹ይህ ትዕቢት ነው፤ ለአማኝ አይገባም›› ይላል። ሌላው ደግሞ ‹‹ቀለምን የፈጠረ እግዚአብሔር ነው፤ ምን ነውር አለበት?›› ብሎ ይመልሳል። እኛ እንደሚመስለን ሁለቱም ዓይናቸውን በጨርቁ ላይ ብቻ ስላሳረፉ ነገሩን አላገኙትም። መመርመር የሚገባው የለባሹ ልብና የተመልካቹ ልብ ነው፤ ከሁለቱም ይልቅ በቶሎ የሚረሳው የተመልካቹ ነው።

አስቀድመን ጠቆር ያለው ልብስ ከየት እንደ መጣ እንመልከት። ብዙዎች ከትሕትና የተወለደ ይመስላቸዋል፤ ታሪኩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። በቀድሞው ዘመን የአውሮፓ መኳንንት ወንዶቹም እንደ ሴቶቹ ሐርና ዳንቴል፣ የወርቅ ጥልፍና ደማቅ ቀለም ይለብሱ ነበር። በ1666 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወረርሽኝና ታላቁ ቃጠሎ ሎንዶንን ካጠፏት በኋላ፣ የእንግሊዝ ንጉሥ ዳግማዊ ቻርልስ ከኮት ሥር የሚለበስ ሰደርያ በቤተ መንግሥቱ አስለመደ። የዚያ ዘመን ሰው ሳሙኤል ፔፒስ በዕለት ማስታወሻው እንደ መዘገበው የንጉሡ አሳብ መኳንንቱን ቍጠባ ለማስተማር ነበር። ኮት፣ ሰደርያና ሱሪ በአንድነት የሚለበሱበት ሥርዓት ከዚህ እንደ ጀመረ ይነገራል። ነገር ግን ቍጠባን እንዲያስተምር የታዘዘው ሰደርያ ጥቂት ቆይቶ በሐርና በወርቅ ክር እየተጠለፈ ዋና የጌጥ ማሳያ ሆነ። ልብስ በዐዋጅ ተለወጠ፤ ልብ ግን በዐዋጅ አልተለወጠም።

ከዚህ በኋላ በ1789 ዓ.ም. የፈረንሳይ ንጉሥ የሦስቱን መደቦች ጉባኤ በቬርሳይ በሰበሰበ ጊዜ፣ መኳንንቱ ወርቅ ያለበትን ልብስ፣ የሕዝቡ ወኪሎች ግን ተራ ጥቁር ልብስ ለብሰው እንዲቀርቡ ተወሰነ። ጥቁሩ የዝቅተኛነት ምልክት ሆኖ የተሰጠ ነበር፤ አብዮቱ ከተነሣ በኋላ ግን የወርቁ ጥልፍ ማፈሪያ፣ ጥቁሩ መከበሪያ ሆነ። በተከተለውም ክፍለ ዘመን ነጋዴው፣ ጠበቃው፣ የባንክ ሹሙ ሁሉ ጠቆር ባለ ሱፍ ተሸፈነ። በ1930 ዓ.ም. ስለ ልብስ ሥነ ልቡና መጽሐፍ የጻፈው የሎንዶኑ ሊቅ ፍሉግል ይህን ለውጥ ታላቁ የወንዶች ምናኔ ብሎ ሰይሞታል፤ ወንዶች ጌጥን ለሴቶች ትተው እነርሱ መነኑ ማለቱ ነው። ምናኔ የሚለው ቃል ለእኛ ከባድ ቃል ነውና ልንጠይቅ ይገባናል፤ ቀለምን የተወ ሁሉ በእውነት መነነን?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆነን የአንድ ሰው ታሪክ አለ። ጆርጅ ብራመል የተባለው እንግሊዛዊ በ1778 ዓ.ም. ተወልዶ በኋላ ራብዓዊ ጆርጅ ተብሎ የነገሠው አልጋ ወራሽ ወዳጅ ሆነ። ይህ ሰው ደማቅ ቀለምንና ጥልፍን ንቆ፣ ጠቆር ያለ ኮትና ንጹሕ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ሎንዶንን በሙሉ ወደዚህ ልማድ መለሰ። በሩቅ ለሚያየው የልከኛነት መምህር ይመስል ነበር። ሆኖም እንደሚተረክለት ያንን ተራ መሳይ ልብስ ለመልበስ ረዥም ሰዓት ያጠፋ ነበር፤ የአንገቱን ነጭ ጨርቅ ባንዲት ጊዜ አስተካክሎ ካላሰረው የተጨማደደውን ጥሎ ሌላ ያስመጣ ነበር። በልብሱም በስተቀር ሌላ ሥራ አልነበረውም። በ1816 ዓ.ም. ከዕዳ ሸሽቶ ወደ ፈረንሳይ ተሰደደ፤ በ1840 ዓ.ም. በካን ከተማ በአእምሮ ሕሙማን ቤት ድኻ ሆኖ ሞተ። እንግዲህ ከዘመኑ ሰዎች ሁሉ ቀለም የሌለውን ልብስ የለበሰው ሰው ከዘመኑ ሰዎች ሁሉ ይልቅ ለልብስ የተገዛ ነበር።

ከዚህ የምንማረው ትዕቢት ቀለም የለውም ማለትን ነው። በቀዩም በጥቁሩም ይገባል፤ በጥቁሩ ሲገባ ግን ትሕትና መስሎ ስለሚገባ ለመለየት ያስቸግራል። ጌታችን በተራራው ስብከቱ ለሰው ሊታዩ ፊታቸውን ስለሚያጠወልጉ ጿሚዎች ያስተማረው ይህንኑ ይመለከታል። እነዚያ ያጌጡ ሰዎች አልነበሩም፤ አለማጌጣቸውን ጌጥ አድርገው ለሰው ያሳዩ ነበሩ እንጂ።

አሁን ደግሞ ወደ ቀለሙ እንመለስ። ደማቅ ቀለም በጥንቱ ዓለም የትዕቢት ምልክት ሆኖ መታየቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። ሐምራዊው ቀለም በጢሮስና በአካባቢው ባሕር ከሚገኙ ከትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ይቀዳ ነበር፤ አንድን ልብስ ለመንከር እጅግ ብዙ ቀንድ አውጣ ስለሚያስፈልግ ዋጋው ከሰው ሁሉ ዐቅም በላይ ነበር። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 የምናገኛት ልድያ ሐምራዊ ሻጭ እንደ ነበረች ሲነገር የውድ ዕቃ ነጋዴ መሆኗን እንረዳለን። በእንግሊዝ አገርም ከ1363 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 1604 ዓ.ም. ድረስ ማን ምን እንዲለብስ የሚወስኑ ሕጎች ነበሩ፤ በንግሥት ኤልሳቤጥ ዘመን ሐምራዊ ሐር ለንጉሣዊው ቤተ ሰብና ለጥቂት ታላላቅ መኳንንት ብቻ የተፈቀደ ነበር። በዚያ ዘመን ደማቅ ልብስ የለበሰ ሰው በእርግጥ ‹‹እኔ ከእናንተ በላይ ነኝ›› ይል ነበር።

በ1856 ዓ.ም. ግን ዊልያም ፐርኪን የተባለ የ18 ዓመት ወጣት በሎንዶን ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን ከሚገኝ ነገር የወባ መድኃኒት ለመሥራት ሲሞክር፣ መድኃኒቱን ሳያገኝ ሐምራዊ ቀለም አገኘ። ከዚህ በኋላ በፋብሪካ የሚሠራ ቀለም በየጊዜው ስለ በዛ፣ ቀድሞ የነገሥታት ብቻ የነበረው ኅብር በገበያ ለሁሉ የሚሸጥ ሆነ። ስለዚህ የቀለሙ ትርጓሜ ተለውጧል። ዛሬ ቀይ ኮት የለበሰ ሰው ግራጫ ከለበሰው ጎረቤቱ ይልቅ ባለጸጋ መሆኑን አያሳይም፤ አንዳንድ ጊዜም ውድ የሆነው ያ ግራጫው ነው። የጥንቱን ተግሣጽ ለዛሬው ሰው ስንናገር ይህን ልዩነት ማስተዋል ይገባናል።

ቅዱሳት መጻሕፍትም ቀለምን በደፈናው አይነቅፉም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 28 ለአሮን የታዘዘው ልብሰ ክህነት ወርቅና ሰማያዊ፣ ሐምራዊና ቀይ ግምጃ፣ በልብ ላይም ኅብራቸው ልዩ ልዩ የሆነ ዐሥራ ሁለት የከበረ ድንጋይ ያለበት ነበር። በእኛም ቤተ ክርስቲያን ካህናት በበዓል ቀን የሚለብሱት ካባ፣ በታቦቱ ላይ የሚዘረጋው ድባብ በብዙ ኅብር ያጌጠ ነው፤ ምእመናን የሚለብሱት ነጭ ነጠላ እንኳ በጫፉ ባለ ቀለም ጥለት አለው። ነገር ግን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ሐምራዊና ቀጭን በፍታ ይለብስ የነበረው ባለጸጋ ተፈርዶበታል። ለምን ተፈረደበት ቢሉ፣ አልዓዛር በደጁ ተኝቶ ሳለ ስላላየው ነው። የአሮን ልብስ ዐሥራ ሁለቱን ነገዶች በልቡ ላይ ተሸክሞ ስለ እነርሱ የሚቆምበት ነበር፤ የባለጸጋው ልብስ ግን በደጁ የወደቀውን አንድ ድኻ ሰውሮበታል። አንዱ ኅብር ወንድሞችን አስታወሰ፤ ሌላው ኅብር ወንድምን አስረሳ።

አባቶች የጻፉትንም ብንመለከት የተግሣጻቸው ሥር ይኸው ነው። የእስክንድርያው መምህር ቀሌምንጦስ በቀለም የተነከረ ልብስን ነቅፎ ነጩን አመስግኗል። ዮሐንስ አፈ ወርቅ በአንጾኪያ ሳለ በማቴዎስ ወንጌል ላይ በሰበከው ስብከት፣ ጫማቸውን በሐር ክር የሚያስጌጡ ወጣቶችን ገሥጿል። የገሠጸበትም መንገድ ልብ የሚነካ ነው። እነዚያ ወጣቶች በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ እንዳይነካባቸው እየተጨነቁ በገበያ መካከል በእግራቸው ጫፍ ይሄዱ ነበርና፣ ለመረገጥ የተሠራው ጫማ እነርሱን እንደ ገዛቸው አሳያቸው። ጭቃን የፈራ ሰው የወደቀውን ሊያነሣ እንዴት ጐንበስ ይላል? ይህ ጥያቄ በማናቸውም ዘመን ላለ ባለ ጥሩ ልብስ የሚቀርብ ነው። ልብስህ የታመመውን ከመደገፍ፣ ሕፃን ከማቀፍ፣ በድኻ አጠገብ ከመቀመጥ የሚከለክልህ ከሆነ አንተ አልለበስኸውም፤ እርሱ ለብሶሃል።

ስለ ወጪውም አንድ ነገር እንናገር፤ በዚህ ረገድ ሰፊዎች የሚያውቁት ሌላው ሰው የማያውቀው እውነት አለ። አራት ማዕዘን ጥለት ያለበትን ጨርቅ የሚሰፋ ባለሙያ በጀርባ ስፌት፣ በትከሻ፣ በእጅጌና በኪስ ላይ መስመሩ ከመስመሩ ጋር ተገጣጥሞ እንዲወርድ ማድረግ አለበት። ይህን ለማድረግ ከተራው ይልቅ ብዙ ጨርቅ ይቈረጣል፤ ብዙም ሰዓት ይፈጃል። ደግሞም ጠቆር ያለ ተራ ልብስ በሳምንት ሦስት ቀን ቢለበስ ማንም አያስተውለውም፤ ደማቁ ግን አንድ ጊዜ ከታየ አይረሳም። ጠቆር ያለው ለሠርግም ለለቅሶም ይሆናል፤ ደማቁ ለለቅሶ አይሆንም። ስለዚህ አንድ ሙሉ ልብስ ብቻ ለማሰፋት ዐቅም ያለው የቤተ ሰብ አባት ተራውን ቢመርጥ ይህ መልካም ማስተዋል ነው። ማስተዋል ግን ከጽድቅ ጋር አንድ አይደለም። ተራውን የመረጠ በዚህ ብቻ ጻድቅ፣ ሌላውን የመረጠም በዚህ ብቻ ኃጢአተኛ አይባልም።

የወጪው ጥያቄ እጅግ ከባድ ሆኖ የሚታይበት ስፍራ በአፍሪካ መካከል ነው። በኮንጎ ወንዝ ግራና ቀኝ በሚገኙት በብራዛቪልና በኪንሻሳ ከተሞች ሳፐር የሚባሉ ወንዶች አሉ። እነዚህ ሰዎች ሮዝ፣ ብርቱካንማና አረንጓዴ የሆነ፣ በሥርዓት የተሰፋ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ባርኔጣና ከዘራ ይዘው፣ በብራዛቪል ባኮንጎ በሚባለው ሰፈርና በሌሎችም ድኻ መንደሮች ጭቃማ መንገድ ላይ ይመላለሳሉ። በአንድ ጊዜ ከሦስት ቀለም በላይ አለመልበስን ደንብ አድርገው ይናገራሉ። በዛየር የሞቡቱ መንግሥት በ1970ዎቹ ዓመታት ሙሉ ልብስና ከረባትን የባዕድ ልማድ ነው ብሎ በከለከለ ጊዜ፣ ሙዚቀኛው ፓፓ ዌምባና (1949–2016) የእርሱ ተከታዮች ያንኑ ልብስ ለብሰው ታይተዋል። አንዳንዶቹ ሳፐሮች በቂ ገቢ ሳይኖራቸው በብድር የሚገዙ፣ እርስ በርሳቸውም የሚዋዋሱ ናቸው።

በእነዚህ ሰዎች ላይ ፈጥኖ መፍረድ ቀላል ነው። ‹‹ልጁ ሳይበላ አባቱ ሐር ለበሰ›› ቢባል፣ በእርግጥ ይህን የሚያደርግ ካለ ፍርዱ ትክክል ነው፤ የልጁን እንጀራ ለኮቱ የሰጠ አባት በየትኛውም ቀለም ሊጸድቅ አይችልም። ነገር ግን ሌላም ነገር አለ። ሳፐሮቹ ራሳቸው ጥሩ ልብስ የለበሰ ሰው ጨዋ፣ ከጠብ የራቀ ሊሆን ይገባዋል ብለው ያስተምራሉ። ብራዛቪል በ1990ዎቹ ዓመታት በእርስ በርስ ጦርነት የተቃጠለች ከተማ ናት። የጦር መሣሪያ ባየ መንገድ ላይ አንድ ድኻ ሰው ሸሚዙን ተኵሶ፣ ጫማውን ወልውሎ፣ በደስታ ቀለም ለብሶ ሲያልፍ፣ ‹‹እኔ ገና ሰው ነኝ›› ማለቱ ይሆናል። ይህን ከትዕቢት ጋር አንድ አድርጎ መቍጠር አይገባም። ትዕቢት ሌላውን ዝቅ አድርጎ ራሱን ከፍ ያደርጋል፤ የወደቀ ሰው ቀና ብሎ ለመቆም መሞከሩ ግን ሌላ ነው። በውጭ ሲታዩ ግን ሁለቱም ተመሳሳይ ኮት ለብሰው ሊታዩ ይችላሉ።

ስለ ለባሹ ይህን ያህል ካልን አሁን ወደ ተመልካቹ እንለፍ። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 37 ያዕቆብ ለዮሴፍ ብዙ ኅብር ያለው ቀሚስ እንዳደረገለት ተጽፏል። ስለዚህ ቀሚስ ብዙ ጊዜ ሲሰበክ የአባትየው አድልዎና የወንድሞች ቅናት ይነሣል። አንድ ነገር ግን በትኵረት መታየት አለበት፤ ወንድሞቹ ዮሴፍን በያዙት ጊዜ መጀመሪያ ያደረጉት ቀሚሱን መግፈፍ ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ ጕድጓድ ጣሉት፤ ከዚያም ሸጡት። ኅብር ያለውን ልብስ የጠላ ዓይን በልብሱ አልረካም፤ ወደ ለባሹ ሥጋ አለፈ። ‹‹ልብሱን ነው የጠላሁት›› የሚል ሰው ራሱን መመርመር የሚገባው ስለዚህ ነው።

በዓለም ታሪክም ይህ ደጋግሞ ታይቷል። ዛሬ ታላላቅ ሰዎች የሚለብሱት ባለ አራት ማዕዘን ጥለት ሱፍ ብዙው መነሻው የስኮትላንድ ተራራማ አገር ነው። የእንግሊዝ መንግሥት በ1746 ዓ.ም. የዚያን አገር ዐመፅ በጦር ካሸነፈ በኋላ፣ የተራራው ወንዶች ባለ ጥለት የአገር ልብሳቸውን እንዳይለብሱ ሕግ አወጣ። የለበሰ ስድስት ወር ይታሰር፤ ቢደግመው ሰባት ዓመት ወደ ባሕር ማዶ ይጋዝ ነበር። ሕጉ በ1782 ዓ.ም. ተሻረ። በ1822 ዓ.ም. ደግሞ ከላይ ያነሣነው የብራመል ወዳጅ፣ በዚያን ጊዜ ንጉሥ የነበረው ራብዓዊ ጆርጅ፣ ወደ ኤደንብራ ሄዶ ያንኑ ጥለት ለብሶ ታየ። ሕጉ በወጣ ጊዜ የነበረው ንጉሥ የቅድመ አያቱ ዳግማዊ ጆርጅ ነበር። ቅድመ አያት ያሳሰረበትን ጨርቅ የልጅ ልጅ ልጅ ለክብር ለበሰው። እንግዲህ በዚያ ሁሉ ዓመት ስለ ጥለት የታሰረው ድኻ ኃጢአቱ ምን ነበር? ጨርቁ በጨርቅነቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የኀያላን ዓይን ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ምሳሌ በአሜሪካ በሎስ አንጀለስ ከተማ በሰኔ ወር 1943 ዓ.ም. የሆነው ነው። በዚያን ዘመን ከሜክሲኮ ቤተ ሰብ የተወለዱ ብዙ ወጣቶች፣ ጥቁሮችና ፊሊፒናውያንም ጭምር፣ ዙት የሚባል ሙሉ ልብስ ይለብሱ ነበር፤ ኮቱ ረዥም፣ ትከሻው ሰፊ፣ ሱሪው ከጉልበት ሰፍቶ ከቍርጭምጭሚት የሚጠብ፣ ቀለሙም ብዙ ጊዜ ደማቅ ነበር። ጊዜው የጦርነት ጊዜ ነው፤ መንግሥት በ1942 ዓ.ም. በወንዶች ልብስ የሚገባውን ሱፍ በመጠን ወስኖ ነበር። ስለዚህ ይህን ሰፊ ልብስ መልበስ የአገርን ችግር እንደ መናቅ ተቈጠረ። በዚህ ተግሣጽ ውስጥ እውነት አለበት። ወታደር በባሕር ላይ ሲሞት ጨርቅ ማባከን የባልንጀራን መከራ መዘንጋት ነው፤ ይህን ለወጣቶቹ በፍቅር ሊነግራቸው የሚገባ ሽማግሌ ነበረ።

የሆነው ግን ሌላ ነው። መርከበኞችና ወታደሮች ለብዙ ሌሊት በከተማው እየዞሩ፣ ሲኒማ ቤትና የከተማ ባቡር ውስጥ እየገቡ ወጣቶቹን ጐትተው እያወጡ ደበደቧቸው፤ በአደባባይም ልብሳቸውን ገፈፏቸው። ልብሱን የቀደዱና ያቃጠሉም ነበሩ። ፖሊስ ከመቱት ይልቅ የተመቱትን በብዛት አሰረ። ሁከቱም የረገበው የጦሩ አዛዦች መርከበኞቹ ወደ ከተማው እንዳይገቡ ከከለከሉ በኋላ ነው። ወጣቶቹ ጥቂት ክንድ ሱፍ አበዙ እንበል፤ የገፈፏቸው ግን የእግዚአብሔርን አርአያ በመንገድ ላይ ራቁቱን አቆሙ። ከሁለቱ ማን ይበልጥ በደለ? የኖኅ ልጆች ሴምና ያፌት የአባታቸውን ዕርቃን ወደ ኋላ ሄደው ሸፈኑ፤ ተባረኩም። ሰውን ከስሕተቱ ሊመልስ የሚወድ ሁሉ ይሸፍናል እንጂ አይገፍም።

እኛ በከተማ መንገድ ላይ ማንንም አልገፈፍንም ብለን ልንጽናና እንችል ይሆናል። ነገር ግን መግፈፍ በእጅ ብቻ አይደለም። አንድ ወጣት በእሑድ ጧት ባለ ጥለት ሰማያዊ ኮት ለብሶ፣ በላዩ ነጠላውን አጣፍቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቢመጣ እንበል። ከብዙ ዘመን በኋላ ዛሬ የመጣ ይሆናል። ያለውን ጥሩ ልብስ ለእግዚአብሔር ቤት አክብሮ የለበሰውም ይሆናል። አንዱ ከእግሩ እስከ ራሱ ቢመለከተው፣ ሌላው ከንፈሩን ቢመጥጥ፣ ሦስተኛው ለጎረቤቱ ቢንሾካሾክ፣ ያ ወጣት ኮቱን እንደ ለበሰ በሰው ፊት ራቁቱን ቆሟል። ተመልሶ ቢሄድና ባይመለስ ስለ እርሱ ነፍስ የሚጠየቅ ማን ነው? የሐዋርያው የያዕቆብ መልእክት በሁለተኛው ምዕራፍ የወርቅ ቀለበትና ጥሩ ልብስ ያለውን አክብሮ የድኻውን ልብስ የሚንቀውን ዓይን ገሥጿል። ያው ዓይን ተገልብጦ ያማረውን ልብስ ስለ ማማሩ ብቻ ቢንቅ፣ ፍርዱ አሁንም በልብስ ነውና ከተግሣጹ አያመልጥም።

ምናልባት አንዳንድ አንባብያን ‹‹እንዲህ ከሆነ ሁሉም የወደደውን ይልበስ ማለታችሁ ነውን?›› ይሉ ይሆናል። እንደዚህ አላልንም። ጊዜና ስፍራ ሥርዓት አላቸው። ሐዘን ባለበት ቤት ደማቅ ልብስ ለብሶ መግባት ያዘነውን ሰው እንባ አለማክበር ነው፤ ሠርግ ቤትም የማቅ መሰል ልብስ ለብሶ የደጋሹን ደስታ ማጨለም እንዲሁ። በጸሎት ጊዜ የሁሉን ዓይን ወደ ራሱ የሚስብ ልብስ መልበስ ወንድምን ከጸሎቱ ማናጠብ ስለሆነ፣ ፍቅር ያለው ሰው ይህን ራሱ አስቦ ይተወዋል። ክርስቲያን ለተፈቀደለት ነገር እንኳ ስለ ወንድሙ ሲል ገደብ ያበጅለታል። ገደቡን ራሱ ለራሱ ሲያበጅ ፍቅር ይባላል፤ በሌላው ላይ በንቀት ሲጭነው ግን ፍቅር መሆኑ ይቀራል።

ስለዚህ ሙሉ ልብስ ሊያሰፋ ለሚወጣ ሰው ሦስት ጥያቄ እናቀርባለን። መጀመሪያ፣ ይህ ልብስ ከማን ገንዘብ ይሰፋል? ከተረፈህ ነው ወይስ ከሚስትህና ከልጆችህ ጉርሻ፣ ከአበዳሪህ ገንዘብ፣ ከሠራተኛህ ደመወዝ? ሁለተኛ፣ ለብሰኸው ለመሥራትና ለማገልገል ትችላለህን? ወይስ እንደ አንጾኪያ ወጣቶች ጭቃ ስትሸሽ ትውላለህ? ሦስተኛ፣ ማንም የማያይህ ቢሆን በዚህ ኅብር ደስ ይልሃልን? ሰው ሳያየውም በቀለሙ ደስ የሚለው የፈጣሪን ሥራ የሚያደንቅ ነው፤ ሰው ካላየለት የሚያዝነው ግን የሰው ምስጋና የሚለምን ድኻ ነው፤ ግራጫም ቢለብስ ያው ይለምናል።

ለሚመለከተው ሰው ግን ጥያቄያችን አንድ ብቻ ነው፤ የዚህን ሰው ልብስ ከማየትህ በፊት ፊቱን አይተሃልን? ቢራብ፣ ቢያዝን፣ ሥራ ቢያጣ፣ ከታመመ እናት አጠገብ ተነሥቶ የመጣ ቢሆን፣ ይህ በኮቱ ላይ አይጻፍም። በፊቱ ላይ ግን ይነበባል። የምናነበው ጥለቱን ከሆነ ሰውየውን አጥተነዋል። ይልቁንም የካህናት ተግባር በዚህ ስፍራ ከባድ ነው። ልጁ ስለ ልብሱ ምክር ቢያስፈልገው እንኳ፣ በመጀመሪያ ቀን በደጅ ሳይሆን ስሙን፣ ቤቱንና ችግሩን ካወቁ በኋላ ለብቻው ይነገረዋል። ከመተዋወቅ በፊት የመጣ ምክር እንደ ነቀፋ ይሰማል፤ ከመተዋወቅ በኋላ የመጣ ግን የአባት ምክር ነው።

ሁላችንም የለበስነውን ልብስ አንድ ቀን እናወልቀዋለን። ጥቁሩም ደማቁም፣ በጥሩ ሰፊ የተሰፋውም በገበያ የተገዛውም ብል ይበላዋል፤ ለመቃብር የምንሸኘው በከፈን ነው፤ ከፈንም ጥለት የለውም። በዚያን ቀን የምንጠየቀው ኮታችን ምን ዓይነት ቀለም ነበረው ተብለን አይደለም፤ የታረዘውን አልብሳችሁ ነበርን ተብለን ነው። የታረዘ የተባለውም ጨርቅ ያጣ ብቻ አይምሰለን፤ በንቀት ዓይን የተገፈፈም ታርዟል። ባለ ብዙ ልብስ የሆነ ከልብሱ ያካፍል፤ ልብስ የሌለው እንኳ ቢሆን ለወንድሙ የክብር ዓይን ሊያለብሰው ይችላል። ይህን ልብስ ሰጥቶ የደኸየ የለም፤ ለብሶትም ያላማረበት የለም።

እግዚአብሔር አምላካችን ለባሹን ከከንቱ ውዳሴ፣ ተመልካቹንም ከክፉ ፍርድ ይጠብቅልን፤ ሁላችንንም ብል የማይበላውን የፍቅርን ልብስ ያልብሰን። አሜን።